የተጸውዖ ስም ያስነሣው ክርክር

ስምን የተጸውዖና የወል ብሎ መክፈልን በሰዋስው ትምህርታችሁ አውቃችኋል። እንጅባራ፣ ዳንግላ፣ ዘንገና የተጸውዖ ስሞች ናቸው፤ ከተማና ሐይቅ ደግሞ የወል። ይህ ክፍፍል ከመማሪያ ክፍል ውጪ ፋይዳ የለውም ብላችሁ እንደ ሆነ፣ አንድ የተጸውዖ ስም «የወል ሆኗል» በመባሉ ምክንያት ገበሬዎች ምን ያህል እንደ ተከራከሩ ተመልከቱ።

በዳንግላ ገበያ ማር የሚገዛ ሰው ቀምሶ ብቻ አያበቃም፤ «የየት አገር ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የመልሱ ስም በዋጋው ላይ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ያ ስም የማንም ግለሰብ ሀብት አይደለም። አፈሩ፣ ዝናሙና የብዙ ትውልድ ልፋት ያስገኙት ነው። ስለዚህ ሌላ ሰው ቢወስደው የሚጎዳው አገሬው በሙሉ ሲሆን፣ አንዱ ገበሬ ብቻውን ቆሞ ቢሟገት የሚሰማው አያገኝም።

ይህን ቀድመው የተረዱት የወይን አምራቾች ናቸው። ሻምፓኝ የአንድ የፈረንሳይ አውራጃ ስም ነው፤ እኛ ግን በሠርግ ላይ የሚፈነዳውን ጠርሙስ ሁሉ ሻምፓኝ እንላለን! በጥር 1903 ዓ.ም. ነጋዴዎች ከሌላ አውራጃ ርካሽ ወይን እያስመጡ በዚህ ስም በመሸጣቸው፣ የአውራጃው ገበሬዎች ተቆጥተው የነጋዴዎቹን መጋዘን ሰብረው ወይኑን አፈሰሱት። ጥያቄአቸው በሕግ መልክ እስኪያዝ ድረስ ብዙ ዓመታት አለፉ። በሐምሌ 1997 ዓ.ም. ደግሞ ሻምፓኝ፣ የፖርቱጋሉ ፖርቶ፣ የስፔኑ ሄሬዝና የአሜሪካው ናፓ ሸለቆ ከሌሎች ጋር ሆነው የቦታ ስም እንዲከበር በአንድ የጋራ መግለጫ ላይ ፈረሙ። እነዚህ አውራጃዎች በገበያ የሚሻሙ ባላንጣዎች መሆናቸውን ልብ በሉ።

በዚያው በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የተባሉት የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡለት አመለከተ። ነገር ግን ስታርባክስ የተባለው ትልቅ የቡና ኩባንያ «ሲዳሞ» የሚል ቃል ያለበትን ስያሜ ለማስመዝገብ አስቀድሞ አመልክቶ ነበር። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበርም ተቃወመ፤ ይኸውም ስሞቹ የቡና ዓይነት መጠሪያ ሆነዋል በማለት ነው። በእኛ በሰዋስው ቋንቋ፣ የተጸውዖ ስምነታቸው ቀርቶ የወል ሆነዋል ማለቱ ነበር። ይርጋጨፌ ሲፈቀድ የሐረርና የሲዳሞ ማመልከቻ በመጀመሪያ ውድቅ ሆነ።

ኢትዮጵያ የወይን አምራቾቹን መንገድ ለምን አልተከተለችም? በዚያ መንገድ እያንዳንዱ ምርት ከተባለው ቦታ መምጣቱ በምስክር ወረቀት መረጋገጥ አለበት። የእኛ ቡና ግን የሚመረተው በሚሊዮን በሚቆጠሩ ገበሬዎች ማሳና ጓሮ ስለ ሆነ፣ የማረጋገጫውን ወጪ ድሀው ገበሬ ሊችለው አይችልም። በእኔ አስተያየት ይህ ብልህ ምርጫ ነበር።

ጽሕፈት ቤቱ ብቻውን አልቆመም። በ1991 ዓ.ም. የተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን፣ እንዲሁም የሲዳማና የይርጋጨፌ ዩኒየኖች ነበሩ። የኦሮሚያው ዩኒየን መሪ አቶ ታደሰ መስቀላ የገበሬውን ጉዳይ በየአገሩ እየዞሩ አስረዱ። በ1999 ዓ.ም. ኦክስፋም የተባለው ድርጅት ዘመቻ ሲከፍት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ለኩባንያው አቤቱታ ላኩ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ኩባንያው ከኢትዮጵያ ጋር ተስማምቶ ፈረመ፤ በ2000 ዓ.ም. ሐረርና ሲዳሞም ተመዘገቡ። ፈቃዱ የተሰጠው በስሙ ለመጠቀሚያ ክፍያ ሳይጠየቅበት ነበርና ድሉ ወዲያው በገበሬው ኪስ ገባ ማለት አይቻልም። የተገኘው የስሙ ባለቤትነትና ለመደራደር የሚያስችል መቀመጫ ነው።

በአዊ ዞን መደራጀት እንግዳ ነገር አይደለም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ሲሰለፍ አይታችሁ ይሆናል። በምርት በኩል ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከፋግታ ለኮማ የዲከረንስ ከሰል ለብዙ ዓመታት በመኪና ሲጫን ኖሯል። በቅርብ ዓመታት በዛፉ ላይ በሽታ ሲገባ ጉዳቱ የወረዳው ገበሬዎች ሁሉ ነበር። ያም ከሰል አዲስ አበባ ሲደርስ የፋግታ ስም አይነሣም፤ መጠሪያው «ከሰል» ብቻ ነው፤ የወል ስም።