የመግቢያ ደብዳቤ ብቻውን አያስተምርም፦ በሥነ ጽሑፍ ዶክትሬት ለመማር ያሉት መንገዶች

ከቀበና ወደ መገናኛ በሚወስደው መንገድ የሚመላለስ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። በእንጦጦ ግርጌ የሩሲያ፣ የእንግሊዝ፣ የጀርመንና የፈረንሳይ ኤምባሲዎች ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ በያዟቸው ሰፋፊ ቅጥር ግቢዎች ውስጥ ተቀምጠዋል። መገናኛን አልፎ ወደ ምሥራቅ ለሚሄድ ደግሞ የኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ይጠብቀዋል። ሁሉም የየካ ክፍለ ከተማ ጎረቤቶች ናቸው። በዚሁ አካባቢ የምንኖር የሥነ ጽሑፍ መምህራን ዘንድ ማስተርሳቸውን የጨረሱ ወጣቶች በየዓመቱ ይመጣሉ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «ዶክትሬት የት ልማር? ማንስ ይከፍልልኛል?»

ጥያቄው ለእኔም እንግዳ አይደለም። ከዓመታት በፊት ከአንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ የመግቢያ ደብዳቤ ደርሶኝ ነበር። ቤተሰብ እንኳን ደስ አለህ አለኝ፤ ጎረቤትም ቡና ጠጣልኝ። ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ሳነበው ግን የትምህርት ክፍያውንና የኑሮ ወጪውን ራሴ እንደምሸፍን የባንክ ማስረጃ እንዳቀርብ ይጠይቃል። ደብዳቤው ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምመልሰው ይህን ነው፤ ገንዘብ ያልተያያዘበት መግቢያ እንደ መግቢያ አይቆጠርም፤ ገንዘቡን የሚያመጣው ደግሞ ከሁሉ በፊት የጥናቱ ርዕስ ነው።

በመጀመሪያ አገር ውስጥ ያለውን እንመልከት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሥነ ጽሑፍና በፎክሎር የዶክትሬት ትምህርት ሲሰጥ ቆይቷል። ባሕር ዳርን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎችም በቋንቋና በሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ፕሮግራም ከፍተዋል። አመልካቹ ከማስተርስ ውጤቱና ከጥናት ዕቅዱ (ፕሮፖዛሉ) በተጨማሪ ትምህርት ሚኒስቴር ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የጀመረውን ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል። ከዚያ በኋላ የትምህርት ክፍሉ የራሱ ምዘና ሊኖረው ይችላል።

ወጪውን በተመለከተ ሁለት ዓይነት ተማሪ አለ። የመጀመሪያው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኖ በመሥሪያ ቤቱ ስፖንሰርነት የሚማረው ነው። ደመወዙ አይቋረጥበትም፤ በምትኩ ተመልሶ ለተወሰኑ ዓመታት ለማገልገል ውል ይገባል። ይህን ውል ሳያነቡ መፈረም ከባድ ዕዳ ነው። ትምህርቱ ቢዘገይ ወይም ቢቋረጥ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚመለስና ዋሱ ምን እንደሚጠየቅ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛው በራሱ የሚከፍል ተማሪ ነው። በ2015 ዓ.ም. የወጣውን የራስ ገዝ አዋጅ ተከትሎ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ በመሆኑ፣ ክፍያን የመወሰን ሥልጣኑ ሰፍቷል። ስለዚህ የአምናውን ክፍያ ከጓደኛ ሰምቶ ማቀድ አያዋጣም፤ የዓመቱን ተመን ከሬጅስትራር መጠየቅ ይገባል።

ወደ ውጭ ለሚያስብ ከጎረቤቶቻችን ብንጀምር፣ ብዙ ወጣቶችን የሚያሳስተው የእንግሊዝ በር ነው። ቺቭኒንግ የሚባለው ታዋቂ የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ለአንድ ዓመት ማስተርስ እንጂ ለዶክትሬት አይሰጥም። የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕም ኢትዮጵያ የማኅበሩ አባል ባለመሆኗ አይመለከተንም። የቀረው እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ለውጭ ዜጎች የተከፈተው የእንግሊዝ የምርምር ምክር ቤቶች ድጋፍ ነው። እሱም ለውጭ ተማሪዎች በአብዛኛው ከ30 በመቶ የበለጠ ቦታ ስለማይሰጥ ፉክክሩ ብርቱ ነው።

የጀርመን መንገድ የተለየ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዶክትሬት የሚሠራ ሰው በአብዛኛው የትምህርት ክፍያ የለበትም። ሆኖም በቅድሚያ ጥናቱን ለማማከር ፈቃደኛ የሆነ ፕሮፌሰር ማግኘትና በጽሑፍ ማረጋገጥ ግድ ነው። ዳአድ የተባለው የጀርመን የትምህርት ልውውጥ ድርጅት የኑሮ ወጪ ድጋፍ ይሰጣል። ይሁንና የመጨረሻው ዲግሪ ከተያዘ በአጠቃላይ ከስድስት ዓመት እንዳይበልጥ ስለሚጠይቅ «ትንሽ ሠርቼ አመለክታለሁ» የሚል ሰው ዓመቱን ይቁጠር። በፈረንሳይ ደግሞ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ምዝገባ በዓመት 400 ዩሮ አካባቢ ነው። ዋናው ፉክክር ለሦስት ዓመት ደመወዝ ለሚያስገኘው የዶክትሬት ውል ነው። በስዊድን ዶክትሬት እንደ ሥራ ቅጥር የሚታይ በመሆኑ የሚጠበቀው የስኮላርሺፕ ማስታወቂያ ሳይሆን የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ነው።

አሜሪካ ለብዙዎቻችን የመጀመሪያ ምርጫ ናት። ጥሩ የሚባሉት ፕሮግራሞች ተማሪውን ከትምህርት ክፍያ ነፃ አድርገው፣ በረዳት መምህርነት እያሠሩ፣ ለአምስትና ለስድስት ዓመት የኑሮ ድጎማና የጤና መድን ይሰጣሉ። ማመልከቻው በአብዛኛው በታኅሣሥና በጥር ይዘጋል። የገንዘብ ድጋፍ የቀረበለት ሰው መልሱን እስከ ኤፕሪል 15 መስጠት የተለመደ ነው። ግን በሩ እየጠበበ ነው። የቦስተን ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛን ጨምሮ በበርካታ የሂውማኒቲስና የማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፎች እ.ኤ.አ. ለ2025/26 አዲስ የዶክትሬት ተማሪ እንደማይቀበል አስታውቆ ነበር። ሌሎችም የቅበላ ቁጥራቸውን ቀንሰዋል።

በዚህ ላይ የምንዛሪው ጉዳይ አለ። የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለአንድ ማመልከቻ 100 ዶላር የሚጠይቅ ዩኒቨርሲቲ ቀድሞ 5,700 ብር ያስወጣ ከነበረ፣ አሁን ከ10,000 ብር በላይ ያስወጣል ማለት ነው። አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ስድስት ቦታ አመልክታ የወራት ደመወዟን ጨርሳለች፤ ከስድስቱ አንዱም አልተቀበላትም። የሚያሳዝነው ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አቅም ለሌለው አመልካች ክፍያውን የሚያነሡበት አሠራር እንዳላቸው አለማወቋ ነው። ይህን ለማግኘት የመዝጊያው ቀን ከመድረሱ ከሳምንታት በፊት አጭር ኢሜይል መጻፍ ይበቃል።

ማመልከቻዎቿን አብረን ስናያቸው ግን ሌላም ችግር አገኘን። በስድስቱም ያቀረበችው ርዕስ በአንድ ስመ ጥር እንግሊዛዊ ደራሲ ላይ ነበር። በዚያ ርዕስ ለንደን ውስጥ መቶ ሰው ይወዳደራታል። እሷ ግን ያደገችው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው በሚወርዱ እናቶች መካከል ነው። የእነሱን የሥራ ግጥምና ጨዋታ የምታውቀውን ያህል የሚያውቅ ተወዳዳሪ የለም።

ሌሎቹም ሀብቶች ሩቅ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ስድስት ኪሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ከጀርመኑ ቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን የያዙትና በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በሚኒሶታ ለዓመታት የሠሩት በአገራችን የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልሞች ላይ ነበር። ዓለም ያከበራቸው በራሳቸው አገር ጽሑፍ ነው። ሐምቡርግ፣ ፓሪስና ኔፕልስ ዛሬም የኢትዮጵያን ቋንቋና ጽሑፍ የሚያጠኑ ምሁራን አሏቸው፤ ከእኛ የሚሹት እነሱ የሌላቸውን ነው።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። በመጀመሪያ ከዚህ ብቻ ሊወጣ የሚችል ጥያቄ በሁለት ገጽ ይጻፍ። ቀጥሎ በዚያ መስክ የሚሠሩ አምስት ስድስት ምሁራን ሥራዎቻቸው ተነበው ይመረጡና በስማቸው ይጻፍላቸው። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉ መምህራን ሁለት ወር አስቀድሞ ይነገራቸው። መግቢያው ሲመጣ አራት ነገር ይጠየቅ፤ የትምህርት ክፍያው ማን ላይ ነው? የኑሮ ድጎማው ስንት ዓመት ይዘልቃል? የጤና መድን አለው ወይ? ለመስክ ጥናት ወደ አገር ቤት መመለሻስ ማን ይከፍላል? አንዱ መልስ ካጣ ከመፈረም በፊት መጠየቅ ነውር አይደለም።

ተማሪዬ ዘንድሮ ርዕሷን ቀይራ ሁለት ቦታ ብቻ ልታመለክት ወስናለች፤ አንዱ እዚሁ ስድስት ኪሎ፣ ሌላው ጀርመን። ባለፈው ቅዳሜ መቅረጸ ድምፅ ይዛ እንጦጦ ወጥታ ነበር። ውጤቱን ገና አናውቅም። ቢያንስ ግን በዚህ ጊዜ የሰው ርዕስ ይዛ አትሰለፍም።