ባሕረ ሐሳብ፦ ተዘዋዋሪ በዓላት የሚውሉበት ቀን እንዴት ይሰላል?

በምሥራቅ ወለጋ ዞን በነቀምቴ ከተማና በጉቶ ጊዳ ወረዳ፣ እንደ ሌሎች የአገሪቱ አካባቢዎች ሁሉ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በስቅለትና በትንሣኤ ዝግ ይሆናሉ። መስቀል መስከረም 17፣ ጥምቀት ደግሞ ጥር 11 ቀን ሲከበሩ፣ ትንሣኤ ግን ዘወትር እሑድ ቢውልም ቀኑ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ይዘዋወራል።

ቀኑ የሚታወቀው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በምትጠቀምበት ባሕረ ሐሳብ በተሰኘው የዘመን ቀመር ነው። በቤተ ክርስቲያኒቱ ትውፊት ቀመሩን ያዘጋጀው 12ኛው የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት ድሜጥሮስ ነው። በኢትዮጵያ የሚገኙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም ትንሣኤን የሚያከብሩት በዚሁ ቀን ነው።

ስሌቱ የሚጀምረው በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 በመደመር ነው። ድምሩ ዓመተ ዓለም ይባላል። ዓመተ ዓለሙ ለ19 ሲካፈል የሚተርፈው መደብ ሲሆን፣ ከዚህ ላይ 1 ሲቀነስ ወንበር ይገኛል። ወንበሩ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው ቁጥር መጥቅዕ ነው። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል።

በመጥቅዑ ላይ በዓሉ የዋለበት ዕለት ተውሳክ ይደመራል። ተውሳኩ የቅዳሜ 8፣ የእሑድ 7፣ የሰኞ 6፣ የማክሰኞ 5፣ የረቡዕ 4፣ የሐሙስ 3፣ የዓርብ 2 ነው። ድምሩ መባጃ ሐመር ይባላል፤ ጾመ ነነዌ የሚገባበትንም ቀን ያመለክታል። ትንሣኤ ከዚህ ጾም መግቢያ በ69ኛው ቀን ይውላል።

ለምሳሌ የ2019 ዓ.ም. ዓመተ ዓለም 7519 ነው። መደቡ 14፣ ወንበሩ 13፣ መጥቅዑ 7 ይሆናል። ጥቅምት 7 ቀን ቅዳሜ በመሆኑ 8 ሲደመር መባጃ ሐመሩ 15 ይመጣል። በዚህም መሠረት ጾመ ነነዌ የካቲት 15፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 29፣ ስቅለት ሚያዝያ 22፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 24፣ ዕርገት ሰኔ 3፣ ጰራቅሊጦስ ሰኔ 13 ቀን ይውላሉ። በ2018 ዓ.ም. ትንሣኤ የዋለው ሚያዝያ 4 ቀን ነበር።

የ20 ቀናቱ ልዩነት ለመሥሪያ ቤቶች ቀላል አይደለም። በ2019 ዓ.ም. ስቅለት ዓርብ፣ ሚያዝያ 23 ቀን የሚከበረው የሠራተኞች ቀን ቅዳሜ፣ ትንሣኤ እሑድ በተከታታይ ይውላሉ። የአርበኞች የድል በዓልም በዚያው ሳምንት ረቡዕ ሚያዝያ 27 ቀን ይከበራል። ወቅቱ የበጀት ዓመቱ አራተኛ ሩብ ዓመት በመሆኑ፣ ያለፈውን ዓመት የጊዜ ሰሌዳ እንዳለ የሚገለብጥ ዕቅድ ስብሰባን፣ ሥልጠናን ወይም የክፍያ ቀንን ከበዓል ጋር ሊያጋጭ ይችላል።

ቤተ ክርስቲያኒቱ የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት የምታውጀው መስከረም 1 ቀን ሲሆን፣ የመንግሥት የበጀት ዓመት ግን ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። በመሆኑም ዕቅድ አዘጋጆች ዐዋጁን ሳይጠብቁ ቀኖቹን በዚህ ስሌት አስቀድመው ማወቅ ይችላሉ።