ቅርጫና የሜዳ ጥብስ

ለመሆኑ ግብዣ የሚመዘነው በምኑ ነው? በሥጋው ብዛት ነውን? በጨዋታው ድምቀት ነውን? ወይስ በማዕዱ ዙሪያ በሚሰበሰቡት ሰዎች? ይህን ጥያቄ ያስነሣብን ለመስቀል በዓል ወደ ትውልድ አገራችን ወደ መካነ ሰላም በሄድን ጊዜ አብሮን የተጓዘው የተማሪ ቤት ጓደኛችን ነው። ጓደኛችን በአሜሪካ ነዋሪ ሆኖ ለዕረፍት የመጣ ሲሆን፥ ከደሴ ተነሥተን የለጋምቦን ብርዳም ደጋ እያቋረጥን፥ አቀስታን አልፈን ቦረና እስክንገባ ድረስ ያጫወተን ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ይኸውም አሜሪካኖች በበጋ ወራት በቤታቸው ጓሮና በመናፈሻ ሜዳ ስለሚያደርጉት የከሰል ጥብስ ነው። «ከዚህ የተሻለ ግብዣ በዓለም ላይ የለም» ሲል ደመደመ። እኛም «እስቲ አስቀድመህ ቅርጫውን ዋል፤ ከዚያ በኋላ ትፈርዳለህ» አልነው።

አንባቢ እንዳይሳሳት አንድ ነገር በቅድሚያ ማስረዳት ይገባናል። የእነርሱ በጋ የእኛ ክረምት ነው። የሜዳው ጥብስ ከሁሉ ይልቅ የሚደምቅበት የአሜሪካ የነጻነት በዓል፥ ጁላይ 4 ቀን፥ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 27 ቀን ይውላል። በዚያ ሰሞን መካነ ሰላም በጉምና በዝናብ ተሸፍና፥ ገበሬው ከማሳው ጭቃ ጋር ትግል ላይ ነው። ከዚህም በቀር የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ቀን ስለ ሆነ ያ ቀን ሁልጊዜ በጾሙ ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ጾሙን አጥብቆ የሚጠብቅ ወገናችን ጎረቤቱ ለጥብስ ቢጠራው ድርሻው የበቆሎ እሸትና ድንች ነው። ያም ሆኖ ይህ ሰሞን በዚያ አገር ላሉ ኢትዮጵያውያንም የመሰባሰቢያ ጊዜ ሆኖላቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ዓመታዊ የእግር ኳስ ውድድሩን የሚያደርገው በዚሁ ወቅት ነውና።

የጥብሱ መሣሪያ ታሪክ ራሱ የሚደነቅ ነው። ሔንሪ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ከመኪና ሥራው የሚተርፈውን የእንጨት ቁራጭ ወደ ከሰል አስለውጦ በመኪና ሻጮቹ በኩል ያስቸበችብ ነበር። በ1952 ደግሞ ጆርጅ ስቲቨን የተባለ የቺካጎ አካባቢ ሰው፥ በሚሠራበት ብረታ ብረት ቤት ለውሃ ላይ ምልክት የሚዘጋጀውን ድቡልቡል ብረት ለሁለት ከፍሎ ክዳን ያለው የጥብስ ምድጃ ሠራበት። ከጦርነቱ በኋላ በከተማ ዳር ባለ ግቢ የሆነው ሕዝብ ይህን ምድጃ በጓሮው ተከለ። የግብዣው ሥርዓት ቀላል ነው። ባለቤቱ የወደደውን ይጠራል፤ ተጠሪው መጠጥ ወይም ሰላጣ ይዞ ይመጣል፤ የቤቱ አባወራ ሽርጡን አገልድሞ ከእሳቱ አጠገብ ይቆማል። ሰው በወረቀት ሳሕን ተቀብሎ ሣር ላይ ይበላል፤ ሲመሽ ይበተናል። የቀረም አይወቀስም።

እንግዲህ ወደ እኛው እንመለስ። መካነ ሰላም የገባነው መስከረም 16 ቀን ነበር። ዝናቡ አብቅቶ፥ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ለብሶ፥ ልጆች ችቧቸውን አስረው ይሯሯጣሉ። በደቡብ ወሎ መስቀል ልዩ ክብር አለው፤ ግማደ መስቀሉ በአምባሰል በግሸን ደብረ ከርቤ እንደሚገኝ ስለሚታመን፥ ምእመናን ለመስከረም 21 ወደዚያ ይጐርፋሉ። ነገር ግን ይህ ወር የአበባ ወር ቢሆንም የጥጋብ ወር አይደለም። ጤፉም ገብሱም ገና በማሳ ላይ ነው፤ ያለፈው ዓመት እህል ደግሞ ከጎተራው ግርጌ ደርሷል። አንድ ገበሬ በዚህ ጊዜ ብቻውን በሬ አርዶ ልጆቹን ሊያስደስት አይችልም። ቅርጫ የተባለው ብልሃት የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

በሰፈራችን ቅርጫ 12 ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው በሬውን ገዙ። በሬው ከታረደ በኋላ ሥጋው በቅጠል ጉዝጓዝ ላይ በ12 መደብ ተደለደለ። ከሻኛው፥ ከጎድኑ፥ ከፍሪንባው፥ ከጉበቱ፥ ከጨጓራው ሳይቀር እያንዳንዱ መደብ ድርሻውን ያገኛል። ዳኛው ከላይ ሆኖ «እዚህ አነሰ፤ ከዚያ ጨምር» እያለ ያስተካክላል። ከዚያም እያንዳንዱ ሰው ምልክቱን ይሰጣል፤ አንዱ ጠጠር፥ አንዱ ስንጥር፥ አንዱ ቁልፍ። ጀርባውን ሰጥቶ የቆመ ልጅ ተጠርቶ ምልክቶቹን በየመደቡ ላይ ይጥላል። ሀብታምም ቢሆን ድኻ መርጦ አይወስድም፤ ዕጣው የሰጠውን ይዞ ይሄዳል። ገንዘብ ያጠረው ደግሞ እህሉ ሲደርስ ይከፍላል። መስቀል ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል ጾሙ አይሻርምና ሥጋው ለማግስቱ ይቆያል፤ ይህንንም ሰው እንደ ፈቃዱ አያዛውረውም።

ዕጣው ሊወጣ ሲል ቅርጫውን የሚመሩት ሽማግሌ ከአሮጌ ደብተር ላይ ስም ማንበብ ጀመሩ። ከመካከሉም ከ3 ዓመት በፊት የሞተውን የአባታችንን ስም ሰማን። እናታችን መደቡ እንዳይሰረዝ በየዓመቱ እህል ሸጣ ስትከፍል ኖራለች፤ እኛ ግን ይህን ከቶ አናውቅም ነበር። ሽማግሌው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፥ የአባትህን መደብ አንተ ትይዘዋለህ ወይስ እንሰርዘው? እናትህ ደክማለች» አሉን።

በዚያች ሰዓት ያፈርንበትን ነገር ከአንባቢ አንሰውርም። ከተመረቅን ወዲህ በምንሠራበት ከተማ ከሥራ ባልደረቦቻችን ጋር ሆነን ባለፈው በጋ 3 ጊዜ ወንዝ ዳር ወርደን በግ ጠብሰናል። ሁላችንም እኩዮች፥ ሁላችንም ደመወዝተኞች፥ ቀልዳችንም አንድ ዓይነት ነበር። ከተከራየንበት ቤት አጥር ማዶ የሚኖሩትን አዛውንት ግን ስማቸውን እንኳ ጠይቀን አናውቅም። ጥብሱ የሚሰበስበው የመረጥናቸውን ሰዎች ነው፤ ቅርጫው የሚሰበስበው ግን ሰፈር የሰጠንን፥ የምንወደውንም የማንወደውንም ነው። በድንበር የተካሰሱ 2 ጎረቤታሞች በዚያ ቀን ከአንድ በሬ መደብ ሲወስዱ በዓይናችን አይተናል።

ይህን ስንል ቅርጫውን ከነጉድለቱ ልናመሰግን አይደለም። አንደኛ፥ ወንዶቹ መደባቸውን ከተካፈሉ በኋላ ጠላ ይዘው ሲቀመጡ፥ ሴቶቹ ከበዓሉ በፊት ጀምረው ጠላ ሲጠምቁ፥ ዳቦ ሲደፉ፥ በበዓሉም ቀን ከጭስ ሳይወጡ ይውላሉ። ጓደኛችን «በእኛ ዘንድ እሳቱን የሚጠብቀው ወንድ ነው» ሲል የምንመልስለት አጣን። ሁለተኛ፥ በወሎ የክርስቲያንና የሙስሊም ቤት አጥር ለአጥር ነው፤ የአንዱን እርድ ሌላው ስለማይበላ የቅርጫው ደብተር የሰፈሩን ሰው ሁሉ አይዝም። ነገር ግን የአገሩ ሰው ለዚህ መላ አላጣም። ለሙስሊም እንግዳው በግ አቅርቦ፥ በራሱ በሙስሊሙ እጅ አሳርዶ፥ በተለየ ዕቃ ያበስልለታል፤ አቅም ያጣም ዳቦና ቡና አቅርቦ አብሮ ይውላል። በዐረፋም ሙስሊሙ ለክርስቲያን ወዳጁ እንዲሁ ያደርጋል።

የመስቀል በዓል እ.ኤ.አ. በ2013 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ይህ የሚያኮራ ነው። ሆኖም ደመራው በዓለም መዝገብ ቢሰፍርም፥ ቅርጫው ያለው በሽማግሌው ደብተር ላይ ብቻ ነው፤ እዚያም የሚኖረው ወጣቱ ስሙን ሲያስጽፍ ነው። በበኩላችን የአባታችንን መደብ ተቀብለናል።

ስለዚህ ወንድሞቻችን ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች ሆይ፥ የሜዳውን ጥብስ ተዉ አንልም። ጥብሱ ወንድ ልጅ ከእሳት አጠገብ መቆም ነውር እንዳልሆነ ያስተምረናልና፥ ይህን ወስደን በበዓል ቀን እናቶቻችንንና እኅቶቻችንን እናሳርፍበት። ለሥራ በተላክንበት ከተማ ሁሉ ግን በሰፈሩ ቅርጫ ስማችንን እናስጽፍ፤ ከአጥር ማዶ ያለውንም ሰው ስሙን እንጠይቅ። ደመወዝ ከቤት ወደ ቤት ያዛውረናል እንጂ ጎረቤት አያደርገንም።

ጓደኛችን ምን ፈረደ ይባል ይሆናል። በማግስቱ ከመሰናበታችን በፊት ሽማግሌውን ለብቻቸው ጠርቶ «አባባ፥ ባሕር ማዶ ያለ ሰው በቅርጫው ሊገባ ይችላል ወይ?» ሲል ሰማነው። ሽማግሌውም ጥቂት አስበው «ይችላል ልጄ፤ ነገር ግን ገንዘቡ ብቻውን አይበቃም። ምልክትህን ለዕጣው የሚሰጥልህ፥ ሥጋውንም በስምህ የሚበላልህ ሰው አብረህ አስጽፍ» አሉት።