ሳል ሺኩም፦ ልጅን ከቤት ማባረር አይደለም

በአእምሮ ሕመም ምክንያት ሥራውን ያቋረጠ፣ ዕድሜው ገፍቶ ከወላጆቹ ጋር የተቀመጠ ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች በማኅበረሰባችን ውስጥ አሉ። እናት ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ መድኃኒቱን ታስታውሰዋለች። ለጎረቤት «ትንሽ አሞት ነው» ትላለች። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳት ግን «እኔ ስሞት ማን ያየዋል?» የሚለው ነው።

እንዲህ ላሉ ሰዎች በ2000 የወጣ ሕግ አለ። የጤና ሚኒስቴር (ሚስራድ ሃብሪኡት) በዚህ ሕግ መሠረት የሚሰጠው ድጋፍ ሳል ሺኩም ይባላል። ዕድሜው 18 የሞላና በአእምሮ ሕመም ቢያንስ 40 በመቶ ኔኹት በቢቱዋህ ለኡሚ የተወሰነለት ሰው ማመልከት ይችላል።

ሳል ማለት ቅርጫት ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው የሚያስፈልገው ይገባበታል፦ መኖሪያ፣ ሥራ፣ ትምህርት ማሟያ፣ ሞዓዶን፣ የጥርስ ሕክምና ጭምር። ወላጆች የሚፈሩት መኖሪያውን ነው። ሆስቴል ሲባሉ ሆስፒታል የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም። በሆስቴል ሠራተኞች በቅርብ ይገኛሉ። ራሱን የበለጠ የቻለ ሰው ደግሞ እንደማንኛውም ተከራይ በተራ ሕንፃ ውስጥ ይኖራል፤ መድሪኽ በሳምንት የተወሰነ ጊዜ እየመጣ ገበያ መውጣትን፣ ሂሳብ መክፈልን፣ የሐኪም ቀጠሮ መጠበቅን ያለማምደዋል። መድሪኹ አብስሎ አያቀርብለትም፣ አብሮት ያበስላል እንጂ። ለእናቶቻችን የሚከብደው ይህ ይመስለኛል። ቅዳሜና በዓል ቤተሰቡ ዘንድ መምጣቱ አይቀርም። ከቤት መውጣት ያልፈለገም ሌላውን አገልግሎት ብቻ መጠየቅ ይችላል።

«ሥራ ከጀመረ አበሉ ይቀራል» የሚል ፍርሃትም አለ። ከ2009 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የላሮን ሕግ አበሉ ደመወዙ ሲያድግ ቀስ እያለ ይቀንሳል እንጂ ወዲያው አይቆረጥም። ደመወዙና የሚቀረው ክፍያ ሲደመሩ ከአበሉ ብቻ ይበልጣሉ። ሆኖም ሥራ ሲጀምር ለቢቱዋህ ለኡሚ ማሳወቅ ግድ ነው፤ ካልሆነ ዕዳ ይመጣል።

ማመልከቻው የሚሞላው ከሚያክመው ሐኪም ወይም ከዖቬዴት ሶሲያሊት ጋር ነው። ከዚያ ቫዓዳ ይጠራዋል። ቫዓዳው የሚጠይቀው ልጁን ነው፦ የት መኖር ትፈልጋለህ? ምን መሥራት ትፈልጋለህ? ስለዚህ ቀድማችሁ ቤት ውስጥ ተነጋገሩበት፤ እሱ ያልፈለገውን ማንም አያስገድደውም። ውሳኔው ካልተስማማው ይግባኝ (ዒርዑር) ማቅረብ ይችላል።

አማርኛ የሚያስተረጉም ሰው እንዲቀርብ ከቀጠሮው በፊት ጠይቁ። ታናሽ እህቱን ለትርጉም ይዛችሁ አትግቡ፤ እሷ ፊት የማይናገረው ነገር ይኖራል።