ረጃጅም የእንግሊዝኛ ቃላትን በቀለም መክፈልና የአጽንኦትን ቦታ መለየት

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ በመሆኑ፣ ተማሪው በአንድ የባዮሎጂ ገጽ ላይ ብቻ በርካታ ረጃጅም ቃላት ይገጥሙታል። ቃሉን በደብተሩ ጽፎ ፍቺውን ያጠና ተማሪ፣ ያንኑ ቃል በትክክለኛ አነጋገር ሲሰማው ሳያውቀው የሚቀርበት ጊዜ አለ። የጎደለው የቃሉ ትርጉም ሳይሆን የቀለማቱና የአጽንኦቱ ዕውቀት ነው።

ቀለም ማለት በአንድ አናባቢ ዙሪያ የሚሰባሰብ የድምፅ ክፍል ነው። በፊደል ማንበብን የለመደ ተማሪ ግን ሆሄያትን እንደ ቀለም ይቆጥራል። በአማርኛም ቢሆን ይህ አያስኬድም፤ «ብርታት» 4 ሆሄያት ሲኖሩት ቀለማቱ «ብር» እና «ታት» 2 ብቻ ናቸው። በእንግሊዝኛ አቻው የሆነው «ስትሬንግዝ» በፊደል ሲጻፍ 6 ሆሄያት ይዞ ቀለሙ 1 ነው። «እስትሬንግዝ» ብሎ የሚያነብ ተማሪ ቃሉ የሌለውን ቀለም ይጨምርለታል።

ሁለተኛውና የበለጠ የሚያስቸግረው ጉዳይ አጽንኦት ነው። በረጅም የእንግሊዝኛ ቃል ውስጥ አንዱ ቀለም ከሌሎቹ ጎልቶና ረዝሞ ሲነገር፣ ከቀሩት ብዙዎቹ አናባቢያቸው ይደክማል። «ፎቶግራፍ» የሚጎላው በ«ፎ» ላይ ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ሲጠራ ግን አጽንኦቱ ወደ ሁለተኛው ቀለም ይሻገርና ቃሉ «ፈ-ቶግ-ረ-ፈር» ወደሚል ድምፅ ይቀርባል፤ «ፎቶግራፊክ» ሲባል ደግሞ «ግራ» ይጎላል። የደከመው አናባቢ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም፤ «ፈረስ» በሚለው ቃል ከሚሰማው የግዕዝ አናባቢ ብዙ አይርቅም። ችግሩ የእንግሊዝኛው አጻጻፍ ይህን ድካም አለማሳየቱ ነው።

አጽንኦቱን ለማግኘት ከቃሉ መጨረሻ ወደ ኋላ መቁጠር ይረዳል። በ«ሽን» እና በ«ኢክ» በሚያበቁ ቃላት ከመጨረሻው 2ኛው ቀለም ይጎላል፤ በ«ኤጁኬሽን» «ኬ»፣ በ«ኢሌክትሪክ» «ሌክ»። በ«ኢቲ» በሚያበቁት 3ኛው ነው፤ በ«ኢሌክትሪሲቲ» «ትሪ»፣ በ«ዩኒቨርሲቲ» «ቨር»። የሂሳብ ስሌትን የሚያመለክተው «አሪዝሜቲክ» ከዚህ ደንብ ይወጣል፤ የሚጎላው «ሪዝ» ነው፤ እንዲህ ያሉት በቃል መጠናት አለባቸው።

በየቀለሙ እኩል ማስጨብጨብ የተለመደ ዘዴ ቢሆንም ለቆጠራ እንጂ ለአጽንኦት አይጠቅምም፤ እንዲያውም ሁሉንም ቀለም እኩል የመጥራትን ልማድ ያጸናል። ይልቅ ተማሪዎቹ «ሲስ»፣ «ተሲስ»፣ «ሲንተሲስ»፣ «ፎቶሲንተሲስ» እያሉ ቃሉን ከጅራቱ እንዲገነቡትና «ሲን» ላይ ሲደርሱ ብቻ ጠረጴዛውን መታ እንዲያደርጉ ማለማመድ ይሻላል።