ሻርክን ከቱና መረብ የማዳን ሥራ፤ መፍትሔው ከማስገሪያው ይጀምራል

በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ለዓመታት ማንም ያልቆጠረው እልቂት ሲካሄድ ቆይቷል። የቱና አስጋሪ መርከቦች ዓሣ እንዲሰበሰብላቸው በባሕሩ ላይ የሚለቋቸው ተንሳፋፊ መደቦች ከሥራቸው አሮጌ መረብ ይንጠለጠልባቸው ነበር። ሲልኪ የተባለው የሻርክ ዝርያ ወጣቶች ከመደቡ ሥር የተሰበሰበውን ዓሣ ተከትለው ይጠጋሉ፤ በመረቡ ተጠላልፈውም ይሞታሉ። ሬሳቸው በጥቂት ቀናት ውስጥ ከመረቡ ወድቆ ወደ ጥልቁ ስለሚሰምጥ፣ መርከቡ ተመልሶ ሲመጣ የሚያየው ነገር የለም። በመሆኑም ጉዳቱ በመርከቦች መዝገብ ላይ ሳይሰፍር ቆይቷል።

ነገሩን ይፋ ያደረጉት በሻርኮች ላይ መከታተያ መሣሪያ ያሰሩና ከመደቦቹ ሥር ጠልቀው የተመለከቱ ተመራማሪዎች ናቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ) በ2013 የወጣው ጥናታቸው፣ በሕንድ ውቅያኖስ ብቻ በዓመት ከ480 ሺህ እስከ 960 ሺህ የሚደርሱ ሲልኪ ሻርኮች በዚህ መንገድ እንደሚሞቱ ገምቷል። ይህም እነዚሁ መርከቦች በመረባቸው ሲያወጡ ይታወቅ ከነበረው የሲልኪ ሻርክ መጠን ከአምስት እስከ አሥር እጥፍ ይበልጣል።

ዘግይቶ የሚወልድ ሀብት

አርሶ አደር ዶሮና ላምን በአንድ ዓይን አያይም። ዶሮ ብታልቅ በአጭር ጊዜ ትተካለች፤ የምትወልድ ጊደር ከታረደች ግን ጉድለቱ ለዓመታት ይዘልቃል። በባሕር ውስጥም ልዩነቱ ተመሳሳይ ነው። አንዲት ሴት ቱና በአንድ የመራቢያ ወቅት በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ሲልኪ ሻርክ ግን ለመውለድ ዓመታት የሚፈጅ ዕድገት ያስፈልጋታል፤ ከዚያም አንድ ዓመት ያህል አርግዛ ጥቂት ግልገሎችን ትወልዳለች። ማንታ የሚባለው፣ እንደ ሰፌድ የተንጣለለ አካል ያለው የሬይ ዝርያ ደግሞ አንድ ዓመት ገደማ አርግዞ በአብዛኛው አንድ ግልገል ብቻ ይወልዳል። በሁለት ወሊዶች መካከልም ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ።

ስለዚህ ቱናን የማይጎዳ የማስገር መጠን ሻርክንና ሬይን ሊጨርስ ይችላል። እ.ኤ.አ በ2021 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በውቅያኖስ የሚኖሩ ሻርኮችና ሬዮች ብዛት ከ1970 ወዲህ በ71 በመቶ መቀነሱን አመልክቷል። ለዚህም በዋና ምክንያትነት የጠቀሰው ከመጠን ያለፈ ማስገርን ነው።

ከወለል ላይ መልሶ መልቀቅ ለምን አይበቃም?

ቱና በብዛት ከሚሰገርባቸው መንገዶች አንዱ ከበባ መረብ ነው። መርከቡ የዓሣውን መንጋ በመረብ ከብቦ፣ የመረቡን ሥር እንደ ከረጢት አፍ በገመድ ይሸበሽባል። ከዚያም የተያዘው ሁሉ በትልቅ መጨለፊያ ወደ ወለሉ ይገለበጣል። ሻርኩ እዚያ የሚደርሰው በብዙ ቶን ቱና ተጨፍልቆና ትንፋሽ አጥሮት ነው። በሕንድና በፓስፊክ ውቅያኖሶች የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ በዚህ መልክ ከተያዙት ሲልኪ ሻርኮች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ይሞታሉ። ወደ ባሕር ሲመለሱ በሕይወት የነበሩ አንዳንዶችም ከዚያ በኋላ ይሞታሉ።

ይህ ማለት ግን በጥንቃቄ መልቀቅ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። በተለይ ትልልቅ ሬዮች ቀድሞ በስንጥባቸው ተይዘው ወይም በመንጠቆ ተወግተው ይጎተቱ ነበር። አሁን በአንዳንድ መርከቦች የዓሣ ማውረጃው አፍ ላይ ፍርግርግ ይዘረጋል፤ ቱናው በክፍተቶቹ ሲወርድ ሬዩ ከላይ ይቀራል፤ ፍርግርጉም በክሬን ተነስቶ ሬዩን ወደ ባሕር ይመልሰዋል። እንዲያም ሆኖ፣ ትልቁ ውጤት የሚገኘው ሻርኩና ሬዩ ወደ ወለሉ ሳይደርሱ በፊት በሚወሰድ እርምጃ ነው።

ማስገሪያውን መለወጥ

የመጀመሪያው እርምጃ የተወሰደው በተንሳፋፊ መደቦቹ ላይ ነው። ጽሕፈት ቤቱ በሲሸልስ ቪክቶሪያ የሚገኘው የሕንድ ውቅያኖስ የቱና ኮሚሽን፣ ከጥር 2020 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ መደቦቹ ሻርክ ከሚጠላለፍበት መረብ ነፃ ሆነው እንዲሠሩ ወስኗል። በመረቡ ፋንታ ገመድ ወይም ሸራ ይንጠለጠላል። ቱናው እንደ ቀድሞው ይሰበሰባል፤ ሻርኩ ግን የሚጠመድበት ቀዳዳ የለም።

ይኸው ኮሚሽን ዌል ሻርክ በተባለው ግዙፍ ሻርክ ዙሪያ ሆን ብሎ ከበባ መረብ መጣልን እ.ኤ.አ በ2013 ከልክሏል። በ2019 ደግሞ ክልከላውን ማንታንና ዘመዶቹን ለሚያጠቃልለው የሬይ ቤተሰብ አስፍቷል።

ሁለተኛው እርምጃ ረጅም የመንጠቆ ገመድን ይመለከታል። ይህ ገመድ በአስር ኪሎ ሜትሮች የሚለካና በሺዎች የሚቆጠሩ መንጠቆዎች የሚንጠለጠሉበት ነው። መንጠቆውን ከገመዱ ጋር የምታገናኘው አጭር ማሰሪያ የብረት ሽቦ ከሆነች ሻርኩ ማምለጥ አይችልም። ናይለን ከሆነች ግን ብዙውን ጊዜ በጥርሱ በጥሷት ይሄዳል። በአውስትራሊያ ተሞክሮ እ.ኤ.አ በ2008 ውጤቱ የታተመ ጥናት፣ በናይለን ማሰሪያ የሚያዘው ሻርክ መቀነሱን ብቻ ሳይሆን፣ ቢግአይ የተባለው ውድ የቱና ዝርያ በናይለን ይበልጥ መያዙንም አሳይቷል።

አስጋሪው የሚያተርፍበት ለውጥ ተቀባይነቱም ይሰፋል። የሃዋይ ቱና አስጋሪዎች እ.ኤ.አ በ2021 ሽቦውን በራሳቸው ፈቃድ መተው ጀመሩ፤ በቀጣዩ ዓመት አሠራሩ ደንብ ሆነ። የምዕራብና መካከለኛው ፓስፊክ የዓሣ ኮሚሽንም ሰፊ በሆነው የሐሩር ክልል ባሕር ላይ የሽቦ ማሰሪያን ከጥር 2024 ጀምሮ ከልክሏል።

ሌላም ሙከራ አለ። እ.ኤ.አ በ2021 ክረምት በደቡብ ፈረንሳይ በሁለት ጀልባዎች ላይ፣ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ንዝረት የምታመነጭ መሣሪያ ከመንጠቆ አጠገብ ታስራ ተፈትናለች። ሻርክና ሬይ ኤሌክትሪክን የሚለዩበት ስሜት በአፍንጫቸው አካባቢ ስላላቸው ይሸሻሉ፤ ቱና ግን ይህ ስሜት የለውም። ብሉ ሻርክ በ91 በመቶ፣ የባሕር ሬይ በ71 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። የመሣሪያዋ ችግር ባትሪዋ በሦስት ቀን ገደማ ውስጥ መሞላት የሚፈልግ መሆኑ ነው፤ በሺዎች ለሚቆጠሩ መንጠቆዎች ይህ ከባድ ሥራ ነው።

ደንቡን የሚያይ ዓይን

ደንብ መውጣቱ ብቻውን በቂ አይደለም። በፓስፊክ የሐሩር ክልል የሚሠሩ ከበባ መረብ ጣይ መርከቦች እ.ኤ.አ ከ2010 ጀምሮ በእያንዳንዱ ጉዞ ታዛቢ እንዲይዙ ተደንግጓል። በሕንድ ውቅያኖስ ግን ለትልልቅ መርከቦች የተቀመጠው ዝቅተኛ መጠን 5 በመቶ ብቻ ነው። ታዛቢ በሌለበት መርከብ ላይ የሚሆነውን የሚናገረው የአስጋሪው መዝገብ ብቻ ነው። ማስገሪያውን የመለወጥ ሌላው ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። ባሕር ላይ የሚደረገውን አያያዝ መቆጣጠር ከባድ ቢሆንም፣ ሽቦ ይሁን ናይለን፣ መረብ ይሁን ገመድ መርከቡ ከወደብ ሳይነሳ ማየት ይቻላል።

ለጣና ያለው ትምህርት

ኢትዮጵያ የባሕር በር ባይኖራትም፣ ከዚህ ተሞክሮ የምትወስደው ነገር አለ። በጣና ሐይቅ ላቢዮባርበስ የተባሉት ዓሣዎች አብዛኛው ዝርያቸው በሌላ የዓለም ክፍል አይገኝም። እርግጥ እነሱ እንደ ሻርኩ ሳይታሰብ የሚጠመዱ ሳይሆኑ ለገበያ የሚሰገሩ ናቸው። የሚያመሳስላቸው ዘግይተው ለመራባት መድረሳቸውና በተሳሳተ ቦታና ጊዜ መረብ ሲጣልባቸው ቶሎ የማያገግሙ መሆናቸው ነው።

ብዙዎቹ ዝርያዎች ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭን ወደ መሳሰሉ ወንዞች ይወጣሉ። በዚህ ወቅት በወንዝ አፍ ላይ የተዘረጋ መረብ የሚያወጣው የዘር ዓሣን ነው፤ ለገበሬ የዘር እህልን ፈጭቶ እንደ መብላት ማለት ነው። ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ እ.ኤ.አ በ1986 ወደ ሐይቁ ከገቡ በኋላ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያና መጨረሻ የተደረጉ ጥናቶች ሲነጻጸሩ የእነዚህ ዓሣዎች ብዛት በ75 በመቶ ገደማ መቀነሱ ታይቷል።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በፌዴራል ደረጃ ከወጣ ቆይቷል። ይሁንና በሌሊት ሐይቅ ላይ የተጣለን መረብ ሁሉ ተከታትሎ ማግኘት ለየትኛውም ወረዳ ያስቸግራል። የቱና አስጋሪዎች ተሞክሮ የሚጠቁመው ሥራውን ቀደም ብሎ መጀመርን ነው። ጠባብ ቀዳዳ ያለው መረብ ገና በሱቅ ሳለ መቆጣጠር፣ ታንኳው ከመነሳቱ በፊት መረቡን በማኅበር ደረጃ ማየትና ክረምት ሳይገባ የትኛው የወንዝ አፍ መቼ እንደሚዘጋ ከአስጋሪዎቹ ጋር መስማማት ይቻላል። እንደ ሃዋይ አስጋሪዎች ሁሉ የጣና አስጋሪም ለውጡን የሚቀበለው በወሰነው ውሳኔ ውስጥ ድርሻ ሲኖረውና በቀጣዩ ዓመት የሚያገኘው ዓሣ እንደማይጎድል ሲያይ ነው።