በመኪና ላይ የሚጻፈው የነዳጅ ቁጥርና የመንገዱ እውነት

በኢትዮጵያ ገበያ እህል በቁና፥ ጨርቅ በክንድ ሲለካ ብዙ ዘመን ኖሯል። ክንድ ግን እንደ ባለቤቱ የሚረዝምና የሚያጥር በመሆኑ ሻጭና ገዢን ማከራከሩ አልቀረም። ሜትርና ኪሎ ግራም ከመጡ ወዲህ ይህ ክርክር ቀዝቅዟል። ይሁን እንጂ በሜትርና በሊትር እየተለካም ቢሆን እስከ ዛሬ ድረስ ገዢንና ሻጭን የሚያነጋግር አንድ ልክ አለ፤ ይኸውም «ይህ መኪና በአንድ ሊትር ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ይሄዳል» እየተባለ የሚነገረው ቁጥር ነው።

ነገሩ ሲሰሙት ትንሽ ቢመስልም በነጋዴ መዝገብ ላይ ሲሰፍር ትልቅ ነው። አንድ ባለሱቅ የዕቃ ማመላለሻ መኪና ሲገዛ በሊትር 15 ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ቢነገረውና በሥራ ላይ ግን 12 ብቻ ቢሄድለት፥ በወርም 2,500 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ቢሆን፥ 167 ሊትር ያህል ይበቃል ብሎ ያሰበው ነዳጅ ወደ 208 ሊትር ይደርስበታል። ልዩነቱ በዓመት ሲደመር 500 ሊትር ነው። ይህን ኪሳራ የሚሸከመው ቁጥሩን የጻፈው ፋብሪካ ሳይሆን ባለሱቁ ነው፤ ባለሱቁም የሚወቅሰው ባሕር ማዶ ያለውን ፋብሪካ ሳይሆን መኪናውን የሸጠለትን አስመጪ ነው።

ለመሆኑ ቁጥሩ ከወዴት ይገኛል? መኪናው በመንገድ ላይ ተነድቶ አይደለም። የሚመዘነው በቤት ውስጥ፥ ጎማው በሚሽከረከሩ የብረት ከበሮዎች ላይ ተቀምጦ፥ ነጂውም በሴኮንድ ተከፋፍሎ የተጻፈለትን ፍጥነት እየተከተለ ነው። ይህ የሚደረግበት ምክንያት መልካም ነው፤ ሁሉም መኪና በአንድ ዓይነት ሁኔታ ካልተመዘነ አንዱን ከሌላው ለማወዳደር አይቻልምና። ችግሩ የሚመጣው የተጻፈው የአነዳድ ሥርዓት ሰው በእውነት ከሚነዳበት ሲርቅ ነው።

የአሜሪካ መንግሥት ከእ.ኤ.አ. 1973ቱ የዘይት እጥረት በኋላ በ1975 ባወጣው ሕግ አዳዲስ መኪኖች የነዳጅ ፍጆታቸውን የሚገልጽ ወረቀት ተለጥፎባቸው እንዲሸጡ አዘዘ። መመዘኛዎቹ ሁለት ነበሩ፤ አንደኛው የከተማ፥ ሁለተኛው የአውራ ጎዳና። የአውራ ጎዳናው ፈተና ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 97 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር፤ የአየር ማቀዝቀዣም አይከፈትም። ብዙም ሳይቆይ ባለ መኪኖች የተጻፈውን ያህል አላገኘንም እያሉ ማጉረምረም ጀመሩ። ስለዚህም የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ከ1985 ሞዴል ጀምሮ ፈተናውን ሳይለውጥ ከከተማው ውጤት 10 በመቶ፥ ከአውራ ጎዳናው 22 በመቶ እየቀነሰ እንዲጻፍ ወሰነ።

ይህ ማስተካከያ ከሃያ ዓመት በላይ አገለገለ። ሆኖም መንገዱ ፈጣን፥ የአየር ማቀዝቀዣውም በየመኪናው የተለመደ እየሆነ ሲሄድ እንደ ገና ልዩነት ታየ። መሥሪያ ቤቱም በ2006 አዲስ ደንብ አውጥቶ ከ2008 ሞዴል ጀምሮ በሥራ ላይ አዋለ። በሁለቱ ፈተናዎች ላይ ሦስት ተጨመሩ፤ አንደኛው በሰዓት እስከ 129 ኪሎ ሜትር የሚደርስና ፈጥኖ መነሣት ያለበት፥ ሁለተኛው በ35 ዲግሪ ሙቀት ማቀዝቀዣ ተከፍቶ የሚደረግ፥ ሦስተኛውም ከዜሮ በታች በ7 ዲግሪ ብርድ የሚደረግ ነው። በዚህ አሠራር የከተማው ቁጥር በአማካይ 12 በመቶ፥ የአውራ ጎዳናው 8 በመቶ ያህል ዝቅ አለ። በቤንዚንና በባትሪ የሚሠራው የቶዮታ ፕሪየስ ቁጥር፥ ወደ ሊትር ሲመለስ፥ ከ23.4 ኪሎ ሜትር ወደ 19.6 ወረደ። መኪናው ያው ነበረ፤ የተለወጠው መለኪያው ነው።

አውሮፓውያን በዚህ ነገር ዘግይተዋል። አሮጌው ፈተናቸው 11 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚሸፍን ሲሆን መኪናው ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 26 ሴኮንድ ይፈቅድ ነበር። በዚህ ዝግታ የሚነሣ ነጂ ከኋላው በሚጮኸው ጡሩምባ ሳይሸማቀቅ አይቀርም። ከዚህ የተነሣ በተጻፈው ቁጥርና በመንገድ ላይ በሚታየው መካከል ያለው ልዩነት በ2001 ከ10 በመቶ በታች የነበረው በ2015 ወደ 40 በመቶ አሻቀበ። ፋብሪካዎች የደንቡን ክፍተት በየዓመቱ ይበልጥ እያወቁት በመሄዳቸው ፈተናው እየቀለለላቸው መጣ። በመስከረም 2017 ሥራ ላይ መዋል የጀመረው አዲሱ የአውሮፓ ፈተና 23 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄድ፥ በሰዓት 131 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ነው።

አውሮፓውያን ከዚህም አልፈው ከ2021 ጀምሮ በአዳዲስ መኪኖች ውስጥ የሚበላውን ነዳጅ የሚመዘግብ መሣሪያ እንዲኖር አዘዙ። የአውሮፓ ኮሚሽን ከዚህ መዝገብ ተነሥቶ በ2024 ባወጣው ሪፖርት የቤንዚንና የናፍጣ መኪኖች በመንገድ ላይ የሚያወጡት ጭስ ከተጻፈው በአማካይ 20 በመቶ ያህል በልጦ ተገኘ፤ ጭሱም የሚለካው በሚቃጠለው ነዳጅ መጠን ነው። በኤሌክትሪክም በቤንዚንም የሚሠሩት፥ ከግድግዳ ሶኬት የሚሞሉት መኪኖች ግን ሦስት እጥፍ ተኩል በልጠው ታዩ፤ ባለቤቶቻቸው ፈተናው እንደ ገመተው አዘውትረው ባትሪውን አይሞሉምና።

ፈተናው ጎድሎ መገኘቱና ፈተናውን ማዛባት ግን አንድ አይደሉም። ሂዩንዳይና ኪያ ከአንድ ሚሊዮን በሚበልጡ መኪኖች ላይ ከእውነተኛው የበለጠ ቁጥር ጽፈዋል ተብለው በአሜሪካ ስለ ተከሰሱ በ2014 100 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማምተዋል፤ ለባለ መኪኖችም የነዳጁን ልዩነት መመለስ ጀምረው ነበር። በ2016 ደግሞ የጃፓኑ ሚትሱቢሺ 625,000 በሚሆኑ ትንንሽ መኪኖች ላይ የፈተናውን ውጤት ማዛባቱን አምኗል።

ለነጋዴው የሚጠቅም አንድ የሒሳብ ምሥጢርም አለ። በሊትር 5 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 10 በሚሄድ ቢለወጥ በየ100 ኪሎ ሜትሩ 10 ሊትር ይተርፋል። በሊትር 10 የሚሄደው 20 በሚሄድ ቢለወጥ ግን የሚተርፈው 5 ሊትር ብቻ ነው። ቁጥሩ ሁለት ጊዜ በእጥፍ አደገ፤ ትርፉ ግን በግማሽ ቀነሰ። ስለዚህ ብዙ መኪና ያለው ሰው «በ100 ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር ይበላል?» ብሎ መጠየቁ ይሻለዋል። አሜሪካኖችም ከ2013 ሞዴል ወዲህ ወረቀታቸው ላይ ይህን ዓይነት ልክ ጨምረዋል።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ሆኖ እንዳይቀር፥ ጉዳዩ የኢትዮጵያን አስመጪ በቀጥታ ይነካዋል። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ከተነገረ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ማስመጣት ለብዙ ነጋዴ አዲስ ሥራ ሆኗል፤ ብዙዎቹም የሚመጡት ከቻይና ነው። በእነዚህ መኪኖች ላይ የሚጻፈው ቁጥር ባትሪው አንድ ጊዜ ሞልቶ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ የሚገልጽ ሲሆን የቻይናው ፈተና አማካይ ፍጥነት በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የታደሰውና በኋላ እግሩ ብቻ የሚገፋው ቴስላ ሞዴል 3 በቻይና ፈተና 606 ኪሎ ሜትር፥ በአውሮፓ 513፥ በአሜሪካ ደግሞ 438 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብሎለታል። እንግዲህ አስመጪው «600 ይሄዳል» ብሎ ቢሸጥ በልቡ አልዋሸም፤ ገዢው ግን በፍጥነት መንገድ ላይ ባትሪው ሲያልቅበት እንደ ተዋሸ ይቆጥረዋል።

በዚህም ላይ የትኛውም ፈተና ዳገት የለውም፤ ከበሮው ሜዳ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወርድ መኪና ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ይቀንሳል፤ ሲመለስ ያንኑ ይወጣል። 1,800 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚያህል ኃይል ያስፈልጋል፤ ይህም በሜዳ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ሊያስኬድ የሚችል ነው። ስለዚህ የመሄጃውን ቁጥር ለመመለሻ አድርጎ የሚያስብ ሰው መንገድ ላይ ይቀራል።

እንግዲህ አስመጪ በፕሮፎርማውና በሽያጭ ወረቀቱ ላይ ቁጥሩን ሲጽፍ ቁጥሩ በየትኛው አገር ፈተና እንደ ተገኘ አብሮ ቢጽፍ፥ ሁለት መኪኖች ሲወዳደሩም በአንድ ፈተና የተመዘኑ መሆናቸውን ቢያረጋግጥ ከብዙ ክርክር ይድናል። ባለሱቅና ባለ ማመላለሻም የራሱን ልክ ሊያገኝ ይችላል። ታንኩን እስከ አፉ ሞልቶ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን መመዝገብ፥ ጥቂት ቀን ከሠራም በኋላ እንደ ገና እስከ አፉ ሞልቶ የገባውን ሊትርና የተሄደውን ኪሎ ሜትር ማካፈል ነው። ይህን ደጋግሞ በመዝገብ የያዘ ሰው መኪናው በእርሱ ጭነት፥ በእርሱ ሾፌርና በእርሱ መንገድ የሚበላውን ያውቃል። አስመጪም እንዲህ ያለውን መዝገብ ከቀደሙ ደንበኞቹ ቢሰበስብ ለሚቀጥለው ገዢ የሚነግረው ቁጥር ከማናቸውም የፋብሪካ ወረቀት የታመነ ይሆናል።

ሌሎች አገሮች መለኪያቸውን ወደ መንገዱ ለማቅረብ ዐሥርት ዓመታት ፈጅቶባቸዋል፤ ባስተካከሉትም ቁጥር ቁጥሩ ዝቅ ይል ነበር። ዝቅ ያለው እውነተኛ ቁጥር ለጊዜው ገበያ ያቀዘቅዝ ይሆናል፤ ደንበኛን የሚመልሰው ግን እርሱ ነው። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም።